የግራ እጅ ጊታር

«እጄን ያስተካከለው ይበቃዋል፤ ጊታሬን እንዳያስተካክልብኝ!»

ጋሽ ሞገድ ይህን ሲሰሙ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ግማሽ ፊታቸውን ተላጭተው፣ ግማሹ ገና አረፋ እንደለበሰ። ተናጋሪዋ ልጃቸው ናት፣ ሰሚዋ እናቷ። ማድ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ በዚያ ቤት ሰው ሲታማ የሚታማውን ገበያ ልኮ ነው፤ ዛሬ ግን ልጅቷ ሥራ ረፍዶባት ጥንቃቄውን ዘነጋችው። ጋሽ ሞገድ ምላጩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሬድዮ ጠግነዋል። ሰፈሩ «ሞገድ» የሚል ስም ያወጣላቸው ዝም ያለ ሬድዮ ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቅነቅ ሲያደርጉት ሕመሙን ስለሚያውቁ ነው። የዳኛ ሬድዮ ጠግነዋል፣ የሌባ ሬድዮ ጠግነዋል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሌባው ይዞት የመጣው የዳኛው ሆኖ ተገኝቷል። ያን ሁሉ ሰው ያስተማመነ እጅ ዛሬ ከአንዲት ጊታር እንዲርቅ ተፈረደበት፤ የፈረደችውም የገዛ ልጃቸው። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው ነው። የቀረውን ግማሽ ፊታቸውን ሲላጩ ሁለት ቦታ ቆረጣቸው።

ጊታሯ ኤሌክትሪክ ጊታር ናት፤ አዲስ፣ ከመጣች ገና አምስተኛ ቀኗ። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ሁለት ዓመት ቆጥባ ለግራኝ ተብሎ የተሠራ ጊታር ከውጭ አስመጣች። እስካሁን አራት ዓመት ሙሉ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን የቀኝ ሰው ጊታር ገልብጣ ነበር የምትጫወተው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ከባንድ ጋር ለሙከራ ትጫወታለች፤ ከወደዷት በየሳምንቱ ትቀጥላለች፣ ካልወደዷት ወደ ሳል ሽሮፗ ትመለሳለች። ችግሩ አዲሷ ጊታር ሁለት አመል አላት። ገና ስትሰካ «እምምምም» ብላ ታጉመተምታለች፤ የቮልዩሟ ማዞሪያም ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ልጅቷ ለእናቷ ስትነግራት የነበረው ዛሬን እንደ ምንም ተጫውታባት ቅዳሜ መስታወት ቤት በሚባለው አዲሱ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወጣት ባለሙያ ዘንድ እንደምትወስዳት ነው። ከዚያ ክፍሏን ቆለፈች፣ ቁልፉን ለእናቷ አስረከበች፣ ሮጣ ወጣች።

«እጄን» ያለችው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላት አስተማሪዋ «ግራኝ ናት፤ ሳትደርቅ አቅኑልኝ» ብላ ደብዳቤ ላከች። ጋሽ ሞገድ የጎበጠ ነገር ሲያዩ እጃቸው አያርፍም። በግራ እጇ ላይ ካልሲ እያጠለቁ አንጓዋ ላይ በክር ያስሩት ነበር፤ ምሳ ሲበላ፣ የቤት ሥራ ሲሠራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ። በክፋት አልነበረም፤ ሰው እንዳይስቅባት ብለው ነው። አሁን በቀኟ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን ግን ራሷም አታነበውም፤ መድኃኒት ቤት መቀጠሯ በዚህ በኩል በጀ። ስለ ካልሲው በዚያ ቤት አንድም ቀን ወሬ ተነስቶ አያውቅም፤ ዛሬ ጠዋት በጣውላው በኩል ሾልኮ እስኪመጣ ድረስ።

«ቁልፉን ስጪኝ እስቲ፤ የክፍሏን ሶኬት ልይላት» አሉ ጋሽ ሞገድ ለሚስታቸው።

«ሶኬቱ ምን ሆነ?»

«ሶኬት መታየት አለበት።»

«ዓይኑን እንኳ እንዳያስጠጋ ብላለች» ብላ ሚስታቸው ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላም ገበያ ወጣች። ቁልፍ ግን ለማያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ጋሽ ሞገድ ካቻቢቴያቸውን አመጡና የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈተው፣ በሩን ብድግ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። አልሰበሩም፤ ቁልፉንም አልነኩም፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ሐሳባቸው ማየት ብቻ ነበር። ጊታሯን አልጋው ላይ አጋድመው አዩአት። ቀይ ናት፣ ታብረቀርቃለች። ከትንሿ አምፕሊፋየር ጋር ሰኩአት። «እምምምም» አለች። እዚህ ላይ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ እያጉመተመተ ከደጃቸው የወጣ ሬድዮ የለም፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጆሯቸው! በኋላ በኩል ያለውን ክዳን ፈቱ። ውስጡ ፀጉር በሚያካክሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ተተብትቧል፤ ብየዳው ግማሹ ይዟል፣ ግማሹ እንደ ነገሩ ተለጥፏል። «ይሄንን የበየደው ሰውዬ አንድ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ አድርጎ ነው» አሉ ለባዶው ክፍል። አንዷን የላላች ብየዳ ብቻ አጥብቄ እዘጋዋለሁ ብለው ጀመሩ። አራት ሰዓት ሲሆን ከሆዷ የወጣው ሁሉ የልጅቷ ትራስ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ሥራው ሥራ ነበር፤ ይህን ማንም አይነፍጋቸውም። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አውጥተው በወፋፍራም ተኩ። የገመዱን መሰኪያ አጥብቀው በየዱ። ከክሮቹ ሥር ያሉትን ድምፅ የሚቀበሉ ማግኔቶች በብሩሽ አጸዱ። ጉምጉምታው ከመብራቱና ከሽቦው ሁሉ የሚለቀም ቆሻሻ መሆኑን ስለሚያውቁም ማድ ቤት ገብተው የሚስታቸውን የአልሙኒየም ወረቀት ጥቅል አመጡና የጊታሯን ሆድ ከዳር እስከ ዳር አለበሱት፤ ጥቅሉ አለቀ። በመጨረሻ እንደ ልማዳቸው ማዞሪያው ላይ በጥርስ እንጨት ጫፍ ነጭ ነጥብ ጠብ አደረጉ። ከእጃቸው የወጣ ዕቃ ሁሉ ያቺ ነጥብ አለችው። ሰኩአት። ዝም። ክሩን ነካ ቢያደርጉት ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

ደስታው አምስት ደቂቃ ቆየ። ልጃቸው እንደምትይዛት አድርገው በግራቸው ሊሞክሯት አነገቷትና ክሩን መታ እያደረጉ በትንሿ ጣታቸው ማዞሪያውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ይጨምራል ሲሉ ቀነሰ። ሽቦ አዛውሬ ይሆናል ብለው ከፍተው በቴስተር ለኩ፤ ልክ ነው፤ በዓለም ላይ ያለ ሬድዮ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚጨምረው ነው የሚጨምረው። ያን ጊዜ ገባቸው። የቀኝ ሰው እጅ ወደ ራሱ ሲስብ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው፤ የግራኝ እጅ ሲስብ ግን ወደ ግራ። ፋብሪካው እንጨቱን ለግራኝ ጠርቦ፣ አንገቱን ለግራኝ ገጥሞ፣ ሆዱ ጋ ሲደርስ የቀኙን ሰው ዕቃ እንዳለ ከቶበታል። ከላይ ግራኝ፣ ከውስጥ ቀኝ። ጋሽ ሞገድ ፋብሪካውን ሊሰድቡ ጀምረው ተዉት። እሳቸውስ ምን አደረጉ? ልጅቷ ከላይ ቀኝ ሆና ከውስጥ ግራ እንድትቀር ያደረጓት እሳቸው አይደሉም? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አፈሩ፤ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ጆሯቸው እስኪግል አፈሩ።

ጋሽ ሞገድ ሲያፍሩ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይሠራሉ። የግራ እጅ የሚፈልገውን ለማወቅ ግራኝ መሆን አለብኝ ብለው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ቤቱን ይዞሩ ጀመር። በግራቸው ሻይ ቀዱ፤ ብርጭቆው ትንሽ፣ ጠረጴዛው ብዙ ደረሰው። በግራቸው ቧንቧ ከፈቱ፣ በግራቸው መቀስ ይዘው ሽቦ ሊቆርጡ ሞከሩ፤ መቀሱ ሽቦውን አኝኮ መለሰላቸው። ከሁሉም ከሁሉም የሸሚዝ ቁልፍ አዋረዳቸው። ሚስታቸው ከገበያ ስትመለስ በሩ ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ ጊታሯ ሆዷ ተከፍቶ፣ ባሏ ደግሞ አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ከደረቱ ጋር ሲታገል አገኘች። ቲማቲሙን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው? ወይ ጉዴ! ግማሽ ጎንህን መታህ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም። ግራኝ ሆኜ ነው።»

«በሩስ?»

«በሩ ደኅና ነው። እንደተቆለፈ ነው፤ እይው።»

ሚስታቸው በሩን አየችው፤ እውነትም ተቆልፏል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሳቸውም ነገሩን ከሥሩ አስረዷት፤ ሁለት ሽቦ ቢያዛውሩ ማዞሪያው ለልጅቷ እጅ እንደሚገራ፣ አሁኑኑ እንደሚያደርጉት። አደረጉት፣ ሰኩት፣ አዞሩት። ምንም የለም። አዞሩት፣ ምንም የለም። ትንሽ ጨመር ሲያደርጉት ጊታሯ ቤቱን የሚያፈርስ ጩኸት ለቀቀች፤ ጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ሚስታቸው ከወንበሩ ተነሥታ እንደገና ቁጭ አለች። የፋብሪካው ቮልዩም ወደ አንድ ወገን ብቻ ቀስ እያለ እንዲጨምር የተሠራ ነው፤ ሲገለበጥ መጀመሪያ ይተኛል፣ መጨረሻ ላይ ያብዳል። የሚያስፈልገው ወደየትም ቢያዞሩት እኩል እኩል የሚሄድ ዓይነት ነው። ጋሽ ሞገድ የዕቃ ጣሳቸውን ገልብጠው ፈለጉ፤ የለም። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ማድ ቤቱ መደርደሪያ ሄደ። ሚስታቸው ዓይናቸውን ተከትላ አየች።

«እንዳትሞክረው» አለች።

መደርደሪያው ላይ ያለው ሬድዮዋ ነው፤ በተጋቡ በዓመታቸው ያበጁላት፣ ቮልዩሙን እኩል የሚሄድ አድርገው የገጠሙላት። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተከታታይ ድራማ ትሰማበታለች፤ ዛሬ ደግሞ ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች የሚታወቅበት ቀን ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀችው ቀን። ጋሽ ሞገድ አልለመኗትም። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በመካከላቸው ቲማቲሙ ብቻ ነበር።

«ካልሲውን በክር ነበር የምታስረው» አለች በመጨረሻ፣ ቲማቲሙን እያየች። «ልጅቷ በጥርሷ ትፈታው ነበር። እንዳትፈታው ጫፉ ላይ ቁልፍ የሰፋሁበት እኔ ነኝ። አንተ አታውቅም።»

እውነትም አያውቁም ነበር። ሚስታቸው ተነሥታ ሄደች፤ ሬድዮውን ታቅፋ መጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። «ፍታው» ብላ ፊቷን አዞረች። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ፤ ሙሽራዋም የማን ልጅ እንደሆነች ሳይታወቅ ቀረ። ልጅቷ ዘጠኝ ሰዓት ከምናምን ላይ ስትገባ በሩ ማጠፊያው ላይ ተመልሷል፣ ጊታሯ ቦርሳዋ ውስጥ ተኝታለች፣ ትራሱ ተራግፏል። ታክሲ ውጭ አቁማ ስለነበር ሸሚዟን እየቀየረች ነው የጠየቀችው።

«ማንም አልነካትም አይደል?»

«ማን ይነካታል» አለች እናቷ ጣሪያውን እያየች። ጋሽ ሞገድ ልነግራት ነው፣ አሁን ልነግራት ነው ሲሉ ልጅቷ ጊታሯን አንግታ ወጣች፤ ታክሲው ሄደ። ጊዜ ጠፍቶ አልነበረም፤ ፈርተው ነው።

ባልና ሚስት ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሞገድ ፍርሃታቸውን በኩራት ሊሸፍኑ ሞከሩ። ልጅቷ ማዞሪያውን እንደ ተፈጥሮዋ ሳብ ስታደርገው ድምፁ እንዴት እንደሚታዘዛት፣ መስታወት ቤት ያለው ልጅ ይህን በሕልሙ እንኳ እንደማያውቀው፣ ገና ሲነካ እንዴት ዓይነት ልስላሴ እንዳለው አወሩ፣ አወሩ። ሚስታቸው ከማይሠራው ሬድዮዋ ላይ አቧራ እየጠረገች ሰማቻቸው።

«ታዲያ እሷ ታውቃለች?» አለች።

«ምኑን?»

«መገልበጡን ነዋ።»

ጋሽ ሞገድ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አራት ዓመት ሙሉ ልጅቷ የቀኝ ሰው ጊታር ገልብጣ ተጫውታለች፤ እጇ የለመደው የማይመቸውን አቅጣጫ ነው። አሁን እቀንሳለሁ ብላ ስታዞር ይጨምርባታል፤ እጨምራለሁ ስትል ይጠፋባታል፤ ያውም በሙከራዋ ቀን፣ በሰው ፊት። እንደገና ሳይጠይቋት አቀኗት! ስልኳ ላይ ደወሉ፤ ዘግታዋለች። ሶኬት ላይ ተሰክቶ የቀረውን ትኩስ መበየጃ ነቅለው በጨርቅ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ከተቱ፣ ካቻቢቴውን ጨመሩ፣ ጫማቸውን ሳያስሩ ወጡ። ሚስታቸው በነጠላ ጫማ ተከተለቻቸው።

አዳራሹ ሲደርሱ ተጀምሯል። ወደ ዐሥር ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሰዉ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፤ አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው በመካከል ይሹለከለካሉ። ልጅቷ ከዳር ቆማለች። የጊታሯ ድምፅ እንደ ውኃ የጠራ ነበር፤ ጋሽ ሞገድ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆነው እንኳ ጉምጉምታ አለመኖሩን ልብ አሉ። ከዚያ ድምፃዊው ማይኩን ያዘ። ልጅቷ ለእሱ ቦታ ልትለቅ ማዞሪያውን ነካ አደረገች፤ ጊታሩ ጨመረ። ድምፃዊው ዞር ብሎ አያት። ደንግጣ ይበልጥ ልትቀንስ አዞረች፤ ጊታሩ አገሳ። ድምፃዊው የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ይጮኻል፣ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንድም ቃል አይሰማም። ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራው ሰው ሁሉ ወንበሩን አዞረ። ልጅቷ ወደ ማዞሪያው አጎንብሳ አየች። ነጯን ነጥብ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ቀጥታ ወደ በሩ ነው የሄደው።

ጋሽ ሞገድ እዚያ ቆመዋል። ግራ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው አየሩን ወዲያ ወዲያ ያዞራሉ፣ ያዞራሉ። አንድ አስተናጋጅ ቀረብ ብሎ «አባባ፣ አምፖሉ ደኅና ነው፤ ይበራል» አላቸው። አልሰሙትም። ልጅቷ እጃቸውን እያየች በተቃራኒው አዞረች፤ ጊታሩ ዝቅ አለ፣ ድምፃዊው ከመስጠም ወጣ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ ማንም በእርግጥ አያውቅም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ጀርባውን የሰጠ አልነበረም። እስከ እረፍት ያሉትን ዘፈኖች ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ ማዞሪያውን በነካች ቁጥር አንድ ጊዜ እያሰበች ተጫወተች።

የእረፍት ሰዓት ሲሆን ከበሮ መቺው፣ የባንዱ አለቃ እሱ ነው፣ «ሳምንትም ነይ፤ ድምፃዊውን ግን አትግደይብን» አላት። ልጅቷ መልስ ሳትሰጠው ጊታሯን ይዛ ከበሩ ተነሥተው ከመድረኩ ጀርባ ወደ ቆሙት ወላጆቿ መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ስንተኛህ ነው አባዬ?»

«ሁለተኛዬ ነው» አሉ ጋሽ ሞገድ። «ያኔም አልጠየቅኩሽም፤ ዛሬም አልጠየቅኩሽም። ለእጅሽ ይመቻል ብዬ ነው፤ ያኔም ይመችሽ ብዬ ነበር። ጥፋቴ ነው።»

ልጅቷ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ይህ ግን ከተዘጋጀችለት ውስጥ አልነበረም። እናቷ ወለሉን ታያለች። ጋሽ ሞገድ ከኮታቸው ኪስ መበየጃውን አወጡ፤ ኪሱ ትንሽ ተቃጥሏል። ግድግዳው ላይ ሶኬት አይተው ሰኩት።

«አሥር ደቂቃ አለሽ። ሁለት ሽቦ ነው፤ ለእኔ ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል። ወደ ድሮው በይ፣ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። እንዲህ ይሁን በይ፣ እንዲህ ይቀራል።» ካቻቢቴውንም አወጡ። «ወደየት ይዙርልሽ?»

ልጅቷ ግራ እጇን ዘረጋችና አየሩን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ቆም ብላ ወደዚያ አዞረችው፤ እንደገና ወደ ራሷ። ጋሽ ሞገድ መልሱን ያውቁታል፤ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው፤ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ያዙት። መበየጃው ጋለ። የሰዉ ወሬ ከወዲያ ይሰማል። ከበሮ መቺው አንገቱን በመጋረጃው አሾልኮ «እኅቴ፣ ልንጀምር ነው እኮ!» አለ።

«ቆይ አንተ!» አለች እናቷ። «እያሰበች ነው።»

ከበሮ መቺው ተመልሶ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጋሽ ሞገድም መበየጃቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ።